አይጥ አጥፊው አግማስና ባለ ስኳሯ ሎቲ

ኮምቦልቻ ውስጥ በእህል መጋዘኖቹ አካባቢ አግማስን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራው አይጥ መግደል ነበር። የቅጥር ደብዳቤው "የተባይ መከላከል ሠራተኛ" ይለዋል። እሱ ግን ሥራህ ምንድን ነው ሲሉት ሌላው ሰው "ዳኛ ነኝ" በሚልበት ኩራት "አይጥ እገድላለሁ" ይላል።

እኔ ስሜ ደጉ ነው፤ በዚያው መጋዘን ጸሐፊ ነበርኩ። ቤታችን ደሴ፣ ሆጤ፣ አጥር ለአጥር ስለሆነ ጠዋት አብረን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ኮምቦልቻ እንወርዳለን፣ ማታ አብረን እንወጣለን። ስለዚህ የማወራችሁን አብዛኛውን በዓይኔ አይቻለሁ። የቀረውን የነገረችኝ ሚስቱ ሙሉመቤት ናት፤ በባሏ ለመሳቅ ስትል ትንሽ ቅመም ጨምራበት ከሆነ ኃጢአቱ የእሷ ነው።

አግማስ የኩታበር ገበሬ ልጅ ነው። ልጅ ሳለ ለዘር የተቀመጠውን ገብስ አይጥ ጨርሶት፣ አባቱ በሰኔ ባዶ ጎተራ ፊት ቆመው ሲያለቅሱ አይቷል። "አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው" ይላል። ከዚያ ወዲህ በእሱና በአይጥ መካከል ደም አለ። መጋዘን ውስጥ ዱካ አይቶ አይጢቱ መቼ እንዳለፈች፣ እርጉዝ መሆን አለመሆኗን፣ በየትኛው ቁልል ሥር እንደምትውል ይናገራል። "ይሄንንስ ዋሸ" ብለን ጆንያ ስናነሳ፣ እንዳለው ትገኛለች። ድመት አያስቀምጥም። "ድመት ስትጠግብ ሥራ ትተዋለች" ባይ ነው።

ሙሉመቤት አስተማሪ ናት፤ አማርኛ ታስተምራለች። በትርፍ ሰዓቷ ሄኒ የምትባል የሆላንድ ሴት አማርኛ ታለማምድ ነበር። የሄኒ ባል የመስኖ ባለሙያ ሆኖ መጥቶ ሦስት ዓመት ደሴ ኖረዋል። በ1999 ክረምት ወደ አገራቸው ሲመለሱ ልጃቸው የምታሳድጋትን ትንሽ እንስሳ አውሮፕላን የሚያስገባ ወረቀት አጡ። ልጅቷ አለቀሰች፣ ሄኒም አለቀሰች፣ ሙሉመቤትም ሰው ሲያለቅስ ዝም ብላ ማየት አይሆንላትምና አብራ አለቀሰች። በመጨረሻ የሽቦ ቤቷን አንጠልጥላ ወደ ቤቷ መጣች።

አግማስ ማታ ከሥራ ሲገባ የሽቦ ቤቱ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ውስጡ ከአውራ ጣት ብዙም የማትበልጥ፣ ግራጫ፣ ጉንጯ የተነፋ ነገር መንኮራኩር ላይ ወጥታ ትሮጣለች።

"ሙሉዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ሎቲ ናት።" ልጅቷ የሰጠቻት ስም ሎቴ ነበር፤ ሙሉመቤት ግን የጆሮ ጌጥ አድርጋዋለች።

"አይጥ ናት።"

"ሃምስተር ናት፣ ፈረንጅ ቤቱ የሚያሳድጋት። ተመልከት፣ ጭራ የላትም።"

"ጭራዋን ቆርጠው ሰጡሽ ማለት ነው።" ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "አንቺ ሴትዮ፣ ቀን ሙሉ ስገድል ውዬ መጥቼ፣ በራሴ ጠረጴዛ ላይ አይጥ ስትበላ ልይ?"

"አደራ ናት" አለችው።

ወሎዬ አደራ ሲሉት ምላሱ ይታሰራል። አግማስ የራት ሳህኑን ይዞ ጓዳ ገባና እዚያ በላ። አንድ ሳምንት ሙሉ ጓዳ በላ።

ሄኒ ስትሄድ በገዛ እጇ በአማርኛ የጻፈችው የመመሪያ ወረቀት ትታለች። ከመስመሮቹ አንዱ "ጣፋጭ የለም" ይላል። ሴትዮዋ ጣፋጭ ክልክል ነው ማለቷ ነበር። ሙሉመቤት ግን ቃል በቃል አነበበችው። "ምስኪን፣ እዚያ ቤት ጣፋጭ የሚባል አልነበረም ማለት ነው" ብላ ሙዝ፣ ብስኩት፣ የተቀቀለ ስኳር ድንች ታጎርስላት ጀመር። የአማርኛ አስተማሪዋ በገዛ ተማሪዋ አማርኛ እንዲህ ተሳሳተች። ዛሬም ይህ ሲነሳ "ስህተቱ የሰዋስው ነው" ትላለች፤ የማን ሰዋስው እንደሆነ አትናገርም።

የሚሌኒየሙ በዓል አለፈ፣ መስቀልም አለፈ። ጥቅምት ላይ የሽቦ ቤቱን ጉንዳን ወረረው። አግማስ ጠረጴዛውን አጠበ፣ የጠረጴዛውን እግሮች ውሃ የሞላ ጣሳ ውስጥ አቆመ። ጉንዳኑ በግድግዳው መጣ። በዚህ መሃል እትዬ ከይሪያ ሊጠይቁ ገቡ። እትዬ ከይሪያ ከእኛ ማዶ ያሉ ጎረቤት ናቸው። ስኳር ከያዛቸው አሥራ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሐኪም የከለከላቸውን ሁሉ ያውቁታል፣ ሁሉንም ይቀምሱታል። ለጥቂት ጊዜ ቆመው ሎቲን አዩ።

"አግማስ፣ ይቺ ፍጡር ውሃ አጠጣጧ እንዴት ነው?"

"የበሬ ያህል ትጠጣለች እትዬ።"

"ሽንቷስ?"

"እሱንማ ተዉት። ሰጋቱራዋን ጠዋት ቀይረን ከሰዓት ርሶ እናገኘዋለን።"

"ጉንዳኑ የሚሄደው ወደ ምግቧ ነው ወይስ ወደ ሽንቷ?"

አግማስ ጎንበስ ብሎ አየ። የአይጥ ዱካ አንብቦ ዕድሜዋን የሚናገረው ሰው ይህን አላስተዋለም ነበር። ጉንዳኑ ምግቡን አልፎ፣ ሎቲ ወደምትሸናበት ጥግ በሰልፍ ይጓዛል።

"ወላሂ ስኳር ነው ያለባት!" አሉ እትዬ ከይሪያ። የደስታ ያህል ነው የተናገሩት፤ ለብዙ ዓመት በሰፈሩ ባለ ስኳር እሳቸው ብቻ ነበሩ።

"አይጥ ደግሞ ስኳር ይይዛታል እንዴ?"

"እኔን ከያዘኝ እሷን ማን ይከለክላታል? ያውም እኔን በየቀኑ ሙዝ የሚያጎርሰኝ የለም።"

ሙሉመቤት ወደ መስኮቱ ዞር አለች።

የእትዬ ከይሪያ ልጅ ሳፊያ ጅዳ ነው የምትሠራው፤ ለእናቷ የሽንት መመርመሪያ ወረቀት ትልክላቸዋለች። ሴትዮዋ ቤታቸው ሄደው የወረቀቱን ቆርቆሮ ይዘው ተመለሱ። ሎቲ የታጠበ ብርጭቆ ውስጥ ገባች። ሦስቱ ትልልቅ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው፣ አንዲት አይጥ እስክትሸና ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። አግማስ ሰው ያየኝ ይሆን ብሎ አንዴ ወደ በሩ ካየ በኋላ፣ ለሕፃን እንደሚደረገው "ሽሽሽ" አለላት። ሸናች። እትዬ ከይሪያ ወረቀቱን ነከሩ። አረንጓዴ የነበረው ጫፍ ዓይናቸው እያየ ቡኒ ሆነ።

"የመጨረሻው ቀለም ነው" አሉ። "እኔ እንኳ በኢድ ማግስት ካልሆነ እዚህ አልደርስም።"

አግማስ ብርጭቆዋን እንደያዘ "ታዲያ ትሞታለች?" ብሎ ጠየቀ። ሙሉመቤት ያን ጊዜ ድምፁ ተለውጦ ነበር ትላለች። እሱ ጉንፋን ነበረብኝ ነው የሚለው።

"አብሽር!" አሉት እትዬ ከይሪያ። "አብሽ እያለልህ? እኔን ምን ያቆመኝ መሰለህ?"

እነሆ የአግማስ አዲስ ሥራ ከዚያ ቀን ጀመረ። ሙዝ፣ ብስኩትና ስኳር ድንች ከቤት ወጡ። አብሹን ራሱ ዘፈዘፈ፣ ውሃውን እየደፋ ምሬቱን አወጣ፣ አድርቆ ወቀጠው። መጠኑ በክብሪት እንጨት ጫፍ የሚነሳውን ያህል ነው። ሦስት ቀን ሎቲ አሸተተችና ፊቷን አዞረች። በአራተኛው ቀን ከተቀቀለ እንቁላል ነጭ ጋር ለውሶ ሲሰጣት በላች። የዚያን ዕለት ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ገና ሳይቀመጥ "ደጉ፣ በላች!" አለኝ። ሹፌሩ ሳይቀር ዞሮ "እሰይ!" አለ። ማን እንደበላ ግን አልጠየቀም።

አብሽ ደግሞ ጠረኑ አይደበቅም። የአግማስ ኮት፣ ጣቱ፣ ጢሙ ሁሉ አብሽ አብሽ አለ። አብሽ አራስ ቤት ስለሚበዛ መጋዘን ውስጥ ወሬ ተነሳ፤ የአግማስ ሚስት ወለደች ተባለ። ሙሉመቤት ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነበር፤ አንዷ ልጃቸው ነፃነት እንኳ ዩኒቨርሲቲ ልትጨርስ ነው። ሴቶቹ ሠራተኞች "እንኳን ማርያም ማረቻት" ሲሉት አግማስ እውነቱን ከመናገር መቀበሉ ስለቀለለው "አሜን" ብሎ አለፈ።

በየቅዳሜው ምርመራ ነበር። ውጤቱን ግድግዳው ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ ይጽፋል፦ ቡኒ፣ ቡኒ፣ ቡኒማ፣ አረንጓዴ ሊሆን የሚቃጣው ቡኒ። ክብደቷን ደግሞ ደሴ አራዳ አንድ ወርቅ ሠሪ ዘንድ ወስዶ ያስመዝናል። ወርቅ ሠሪው መጀመሪያ "ሎቲ ልታስመዝን ነው?" ብሎ ሚዛኑን ሲያስተካክል፣ አግማስ "አዎ" ብሎ ሎቲን ከኪሱ አውጥቶ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠለት አሉ። ሰውዬው ወንበሩ ላይ ወጥቶ ነው የመዘናት።

ሙሉመቤት አንድ ቀን "የእኔን ደም ግፊት ጠይቀህ ታውቃለህ?" አለችው።

"አንቺ ትናገሪያለሽ" አላት። "እሷ አትናገርም።"

ከሁሉ የባሰው ግን የጥየቃው ቀን ነው። ሁለቱም የወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን አባላት ናቸው፤ ሙሉመቤት ሐሙስ ሐሙስ የጸሎት ቡድን አላት። አንድ ሐሙስ ተነሥታ፣ "በቤታችን በስኳር የምትሠቃይ አለች፤ ስሟ ሎቲ ነው፤ በጸሎት አስቧት" አለች። ስለ እንስሳ መጸለይ ይከለከል እንደሆነ ስላላወቀች ዝርዝር ውስጥ አልገባችም። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ስድስት ሴቶችና የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌ አቶ አሞጽ ብርቱካን፣ ዳቦና ለስላሳ ይዘው ከተፍ አሉ። እኔም አጥሩን ዘልዬ ገባሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር አያመልጠኝም።

ሙሉመቤት ገና ከቤተ ክርስቲያን አልተመለሰችም። የተቀበላቸው አግማስ ነው።

"ታማሚዋ እንዴት ናት?" አሉ አቶ አሞጽ።

"ደኅና ናት ጋሼ። አሁን ተኝታለች። ቀን ትተኛለች፣ ሲመሽ ነው የምትነሣው።"

"አይ ስኳር!" አለች አንዷ እህት። "ምግብስ ትወስዳለች?"

"የእንቁላል ነጭ ትቀምሳለች። ጎመንም እወዳለሁ ትላለች።"

"ትነጋገራለች ማለት ነው፣ ተመስገን። ክብደቷስ?"

"ቀንሳ ነበር፤ አሁን ተመለሰላት" አለ አግማስ ፊቱ በርቶ። "ትናንት ሠላሳ አራት ግራም ሆናለች።"

እኔ ከንፈሬን ነክሼ ጣራ ጣራውን አየሁ። አቶ አሞጽ ቀስ ብለው፣ "ኪሎ ማለትህ ነው፣ ወንድሜ" አሉት።

"ግራም ነው ጋሼ። ወርቅ ሠሪ ነው የመዘናት።" ከዚያ ግራ መጋባታቸውን አይቶ፣ ጥጉ ላይ ያለውን የሽቦ ቤት ጨርቅ ገለጠላቸው። ሎቲ ጥጥ ውስጥ ተጠቅልላ ተኝታለች።

ከሴቶቹ ሁለቱ ሶፋ ላይ ወጡ። አንዷ ብርቱካኗን ለቀቀችው፤ ተንከባሎ ሶፋው ሥር ገባ። አቶ አሞጽ ግን የረጋ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ ብለው አዩዋት። "ለበለዓም አህያ አፍ የሰጠ አምላክ ለዚህችም ጤና አያጣላትም" አሉና አጭር ጸሎት አደረጉ። አግማስ ከሁሉ አስቀድሞ ጮክ ብሎ አሜን አለ። ዓይኑን እንደገለጠ "ይቅርታ፣ ብርቱካኑን ከዚህ አርቁልኝ፣ ይሸታታል" አላቸው። ሙሉመቤት ስትገባ እንግዶቹ ለስላሳቸውን ራሳቸው ከፍተው እየጠጡ ነበር። በሚቀጥለው ሐሙስ ቡድኑ ውስጥ ከዚህ ወዲህ የጸሎት ርዕስ ሲቀርብ የታማሚው ማንነት በግልጽ ይነገር ተብሎ ተወሰነ።

ታኅሣሥ ገባ። የዚያን ዓመት የደሴ ውርጭ ከጦሳ ተራራ ወርዶ የቧንቧ ውሃ አቆመ። አንድ ጠዋት አግማስ ሳይወጣ ሲቀር በሩን አንኳኳሁ። ሙሉመቤት ቆማ ታለቅሳለች። እትዬ ከይሪያ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው "ኢና ሊላሂ" እያሉ ነው። ሎቲ የአግማስ መዳፍ ላይ ተጠቅልላ ደርቃለች፤ ስነካት እንደ ጠጠር ቀዘቀዘችኝ።

"አይዞህ" አልኩት፤ ሌላ ምን ይባላል?

አልሰማኝም። እግሯን በጣቱ ጫፍ ዘረጋና ለቀቀው፤ እግሯ ቀስ ብሎ ተመለሰ። መዳፏን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅርቦ አየ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ አፍንጫዋ ሥር ያዘ። ትንፋሹን ውጦ ጠበቀ። መስታወቱ ላይ እንደ ጤፍ ፍሬ ያለች እርጥበት ታየች።

"አልሞተችም" አለ።

"አግማስዬ፣ ደርቃለች እኮ!" አለች ሙሉመቤት።

"የሞተ አይጥ እኔ ነኝ የማውቅ!" ብሎ ጮኸ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሞተ አይጥ ሲያነሣ የኖረ ሰው ነውና ማንም አልተከራከረውም። "ብርዱ ነው። አስተኝቷታል።"

ሸሚዙን ከፍቶ ከሹራቡ ሥር ደረቱ ላይ አስቀመጣት፣ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቦ ተቀመጠ። ለአንድ ሰዓት ያህል አልተንቀሳቀሰም። እኔም ጥዬው መሄድ አልቻልኩም። በመጨረሻ ፊቱ ጨምደድ አለና "ቧጠጠችኝ" አለ። ሙሉመቤት ከእንባዋ ጋር ሳቀች። እትዬ ከይሪያ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

ሆኖም ውርጩ ነገም አለ። ኮምቦልቻ ደግሞ ሞቃት ነው። ስለዚህ ሎቲ በኮቱ የውስጥ ኪስ ሆና ከእኛ ጋር ሐረጎን ወረደች። ቀኑን እንዲህ እናልፋለን ብለን ነበር። የመጋዘኑ ኃላፊ አቶ ሰይድ ግን ስለማርፈዳችን ሊቆጡን በር ላይ ጠበቁን።

"አግማስ፣ ደረትህ ላይ ምንድን ነው የሚንቀሳቀሰው?"

"ልቤ ነው ጌታዬ።"

አቶ ሰይድ ጠጋ ብለው አዩ። "ልብህ ጢም አለው እንዴ?"

ተያዘ። ሁሉንም ተናገረ፤ ስኳሩን፣ አብሹን፣ ውርጩን። አቶ ሰይድ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እስኪጨርስ ሰሙት።

"እኔን አስረዳኝ" አሉ። "መንግሥት ደሞዝ የሚከፍልህ አይጥ ከመጋዘን እንድታስወጣ ነው እንድታስገባ?"

"ይቺ የቤት ናት፣ የሥራ አይደለችም።"

አቶ ሰይድ ሊስቁ ፈልገው ሥልጣናቸው ከለከላቸው። ጥቂት አሰቡና፣ የመጋዘኑን በር እንዳታልፍ፣ ውርጩ እስኪያልፍ በእሳቸው ቢሮ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር እንድትቀመጥ ፈቀዱ። ሁለት ወር እዚያ ዋለች። ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ስልክ እየደወሉ "ዛሬ ቀለሟ ምንድን ነው?" ይሉት ነበር። የካቲት መጀመሪያ ላይ አግማስ በቀን መቁጠሪያው አንድ ቃል በትልቁ ጻፈ፦ አረንጓዴ።

በዚያ ሰሞን አንድ ማታ ወደ ደሴ ስንወጣ ጠየቅሁት። "ጠዋት ጠዋት እሷን በደረትህ ታቅፈህ ትወርዳለህ፤ ከሰዓት ዘመዶቿን ትገድላለህ። እንዴት ሆኖልህ ነው?"

በመዳፉ የኮቱን የውስጥ ኪስ ደገፍ አደረገ።

"የዘር እህል የሚበላና ቤት የገባ እንግዳ አንድ ነው?" አለ። ከዚያ፣ ወደ መስኮቱ ዞሮ፣ "የወጥመዶቹን ሞላ ግን ቀይሬያለሁ" አለ። "አጥብቄዋለሁ። ሳይሠቃዩ እንዲያልቅላቸው።" ከዚያ በላይ ስለ ጉዳዩ አንሥቶልኝ አያውቅም።

ሎቲ በ2000 ሐምሌ መጨረሻ ሞተች። ዓይኖቿ ደብዝዘው፣ መንኮራኩሯን ትታ፣ ብዙውን ጊዜ ጥጧ ውስጥ ትተኛ ነበር። ያን ጠዋትም አግማስ መነጽሩን አውልቆ አፍንጫዋ ሥር ያዘ፤ ለረጅም ጊዜ ያዘ፤ ከዚያ መልሶ አደረገውና ሚስቱን "በቃ ሙሉዬ" አላት። ጓሮ ካለው የኮክ ዛፍ ሥር በጥጧ ጠቅልሎ ቀበራት። ዝናብ ስለነበር ጥላ የያዝኩለት እኔ ነኝ።

ለእነ ሄኒ ደብዳቤ መጻፍ ነበረብን። አደራ ነበረችና አግማስ ቃሉን ራሴ ካልተናገርኩ አለ፤ እንግሊዝኛውን እኔ እንድጽፍ ቢሮ ድረስ መጣ።

"መጀመሪያ ሞተች በል። ከዚያ፣ የሞተችው በእርጅና ነው፣ በስኳር አይደለም በል። ከስኳር በሽታዋ አድነናት ነበር።"

"እሺ።"

"የመጨረሻው ቅዳሜ አረንጓዴ ነበር በል።"

"አግማስ፣ አረንጓዴ ብል አይገባቸውም።"

"ወረቀቱ እነሱ አገር አይደል የሚሠራው? ይገባቸዋል።"

ጽፌ ጨርሼ አነበብኩለት። እንግሊዝኛ አያውቅም፤ ግን አንገቱን አዘንብሎ፣ በየመስመሩ እየነቀነቀ ሰማኝ። ስጨርስ ቅር ብሎታል።

"አብሽ የሚል አልሰማሁም።"

"እንግሊዝኛውን አላውቀውም።"

"አብሽ ብለህ ጻፈዋ! ሳያውቁት ሌላ ቢያሳድጉስ?"

ጻፍኩ። በእንግሊዝኛ ፊደል አብሽ፣ ከጎኑ በክብሪት እንጨት ጫፍ የሚነሳ መጠን፣ ከእንቁላል ነጭ ጋር የተለወሰ፣ ሦስት ቀን እምቢ ብትል ተስፋ እንዳትቆርጡ። ከዚያ ከታች በአማርኛ ራሱ ፈረመ፤ ከስሙ ሥር ደግሞ "የተባይ መከላከል ሠራተኛ" ብሎ ጨመረበት። ፖስታውን ዘግቶ በኮቱ የውስጥ ኪስ ከተተና፣ ፖስታ ቤቱ ሳይዘጋ ለመድረስ ዝናቡ ውስጥ ገባ።